በአባቴ ስም ሊቀበር ስለተወሰነው ሻለቃ

ቀን፦ ጥር 18 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለከፍተኛው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

አመልካች፦ ወ/ሮ ፋዲላ ሸሪፍ፤ ዕድሜ 48፤ ሥራ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ፣ ከቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ጀርባ

ጉዳዩ፦ በቀበሌያችን የእርከን ሥራ ላይ የተገኘው አፅም የአባቴ የአቶ ሸሪፍ አለመሆኑን ስለማመልከት፣ የማን እንደሆነም ስለማስረዳት

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ሰው ለአባቱ ክብር ሲሟገት ማየት የተለመደ ነው። እኔ ግን ለአባቴ የተሰጠው ክብር እንዲነሳ ነው የማመለክተው። ነገሩ ሲሰሙት የጤነኛ ሰው እንደማይመስል አውቃለሁ፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ተሾመም ይህንኑ ፊት ለፊት ነግረውኛል። ስለዚህ ግማሹን አንብበው እንዳይተዉት፣ እስከ መጨረሻው እንዲታገሡኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

1ኛ. ባለፈው ኅዳር ወር የቀበሌያችን ነዋሪዎች ከመዋዕለ ሕፃናቱ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ለባሕር ዛፍ ችግኝ እርከን ሲሠሩ የሰው አፅም አገኙ። ከአፅሙ ጋር የነሐስ የልብስ ቁልፎችና የወታደር ቀበቶ ዘለበት ወጣ። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ጥለው አፅሙን በነጠላ ሸፈኑት። ደግ ሥራ ነው የሠሩት፤ በእነሱ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም።

2ኛ. የቀበሌው ኮሚቴ ተሰብስቦ ይህ በፋሺስት ዘመን የተገደለ አርበኛ መሆን አለበት አለ። ቀጥሎ የማን ነው ወደሚለው ሄደ። አባቴ አቶ ሸሪፍ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። በየካቲት 1929 ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያልቅ፣ ካኪ ኮቱን እንደለበሰ ከቤት ተወስዶ፣ ከሌሎች ጋር ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ በወታደሮች እየተነዳ ሲሄድ ታይቷል። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። እናቴ ይህን በቀበሌ ስንመዘገብ ተናግራው ነበር። ኮሚቴው ካኪውን ከቁልፉ ጋር፣ መንገዱን ከተዳፋቱ ጋር አገናኘና አፅሙ የሸሪፍ ነው ብሎ ወሰነ። በመጪው የካቲት 12 ቀን በቦታው አፅሙ በክብር ሊቀበር፣ ሐውልት ሊመረቅ፣ የምስጋና ንግግርም ሊደረግ ተዘጋጅቷል። ድንጋዩ ተጠርቦ መጥቷል። የአባቴን ስም በላዩ ላይ አንብቤያለሁ። አባቴ ሲወሰድ ገና ሦስት ዓመቴ ስለነበር መልኩን አላስታውሰውም፤ ከእሱ የቀረኝ ነገር ቢኖር ይኸው ስሙ ነው።

3ኛ. እናቴ ወ/ሮ ሱልጣና ወደ ሰባ ዓመት የምትጠጋ፣ ዓይኗን ሞራ የሸፈነባት አሮጊት ነች። አባቴ ከተወሰደ በኋላ ሞቷል ብሎ የነገራት ሰው ስላልነበረ እስካሁን እንደ ባለትዳር ነው የኖረችው። ሌላ አግቢ ሲሏት "ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው" ትላለች። በየዓመቱ ለአረፋ እጇን ሂና ትቀባለች፤ ጉትቻዋን አታወልቅም። ልጅ ሳለሁ የጭነት መኪና በደጃችን ፍጥነቱን ቀንሶ ሲያልፍ የያዘችውን ሥራ ትታ ትቆም ነበር። መኪናው ካለፈ በኋላ ትቀመጥና ሥራዋን ካቆመችበት ትቀጥላለች።

የኮሚቴው ሰዎች ቤታችን መጥተው "እማማ፣ ባለቤትዎ በሰማዕትነት ሞተዋል፤ አፅማቸው ተገኝቷል" አሏት። መታሰቢያ ይሁንዎት ብለውም ከቁልፎቹ አንዱን በመዳፏ አስቀመጡላት። እናቴ አላለቀሰችም። ተነስታ ታጠበች፣ ጉትቻዋን አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝና ዒዳ ተቀመጠች። ዒዳ ማለት በሃይማኖታችን ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ሳትኳኳል፣ ሽቶና ሂና ሳትነካ፣ ያለ ብርቱ ጉዳይ ከቤቷ ሳትወጣ የምትቆይበት ጊዜ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ የዘገየ ዒዳ ሰፈራችን አይቶ አያውቅም። እስላሙም ክርስቲያኑም እየመጣ ያጽናናታል። ስኳር ይዘው የሚመጡ አሉ። እኔም ከጎኗ ተቀምጬ እንግዳ አስተናግዳለሁ። በልቤ ግን የተገኘው ሰው ሌላ መሆኑን አውቃለሁ። ይህን ይዞ መኖር ምን ያህል እንደከበደኝ ልገልጽልዎ አልችልም።

4ኛ. አፅሙ ሻለቃ ዶክተር ዱንካን ኬር የሚባል የውጭ አገር ሰው ነው። ይህን በግምት አልናገርም፤ ከቀበሩት አንዷ ነኝ። በ1951 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል በዚያ ተዳፋት ያሳረፍነው እኔ፣ እናቴ፣ የሻለቃው ዘበኛ አቶ ወልደ ኢየሱስ እና በእንጦጦ ደን እንጨት ይቆርጡ የነበሩት አቶ በዳዳ ነን። አቶ ወልደ ኢየሱስ ነፍሳቸውን ይማርና አርፈዋል። አቶ በዳዳ ግን ዛሬም ሱሉልታ ከልጃቸው ጋር ስለሚኖሩ ተጠርተው ሊመሰክሩ ይችላሉ። እናቴ ዓይኗ ከታመመ ወዲህ ወደ ተዳፋቱ ወጥታ አታውቅም። ዛፉም በየጊዜው እየተቆረጠ እንደገና እየበቀለ ቦታው መልኩን ለውጧል። አፅሙ ከየትኛው ቦታ እንደወጣም በደንብ ያስረዳት ሰው የለም።

5ኛ. ሰውዬው ማን ነበር ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። ኑሮውን የምጽፈው ላሞግሰው አይደለም። የኖረውን ካልተናገርኩ ግን ይህ ክብር ለምን እንደማይገባው ማስረዳት አልችልም። አንቱ መባል አይወድም ነበርና እዚህም አንተ እንዳልኩት እቀጥላለሁ።

ኬር የተወለደው ስኮትላንድ በሚባል አገር፣ ዓሣ በሚጠመድበት የሰሜን ዳርቻ ነው። እንግሊዝ ነህ ሲሉት ፊቱ ይቀላ ነበር። ሕክምና ተምሮ ገና በወጣትነቱ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ወደነበረ አንድ ደረቅ አገር ተላከ። የአገሩን ስም ሲጠራ አንድም ቀን አልሰማሁም፤ "ጉድጓዶቹ ያሉበት" ነበር የሚለው። ሥራው ፈንጣጣ መከተብ ነበር። በግመል ከውሃ ጉድጓድ ወደ ውሃ ጉድጓድ እየተጓዘ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ከተበ። መጀመሪያ ሲያዩት ይሸሹ ነበር። በኋላ ግን አቧራውን ከሩቅ ሲያዩ ልጆቻቸውን ይዘው የሚጠብቁት ሆኑ።

6ኛ. በዚያ የነበረው የወታደሮች አዛዥ በወባ ሞተ። በአቅራቢያው ሌላ ነጭ ስላልነበረ ምትክ እስኪመጣ ድረስ ሐኪሙ ወታደሮቹን እንዲይዝ ታዘዘ። ያን ጊዜ የሆነውን እንዲህ እያለ ነበር የሚያወራው፦ "ምትኩ ሲመጣ እኔ ነኝ እንዲመለስ ያደረግሁት። በሽተኛ ይከራከራል፣ መድኃኒቱን ይተፋል፣ ደክመህ ደክመህ ይሞትብሃል። ወታደር ግን ቁም ስትለው ይቆማል። ደስ አለኝ።" የመድኃኒት ሣጥኑን ለረዳቱ ሰጠ፤ እሱም ማዕረግ እየጨመረ ሄዶ ሻለቃ ተባለ።

7ኛ. አንድ በጋ ላይ የአገሩ ሰዎች ለገዢው ግብር አንሰጥም፣ መሣሪያም አናስረክብም አሉ። ሻለቃው ወታደሮቹን ይዞ የውሃ ጉድጓዶቹን ከበበ። መሣሪያ ያላስረከበ ውሃ አይቀዳም ብሎ አዘዘ። ሰዎቹ ቻሉት፤ ከብቶቻቸው ግን መውደቅ ጀመሩ። በመጨረሻ ወንዱም ሴቱም ባዶ ዕቃውን ይዞ በአንድነት ወደ ውሃው መጣ። ዕቃው እርስ በርሱ ሲጋጭ ከሩቅ ይሰማ እንደነበር ይናገራል። ተኩስ ብሎ አዘዘ።

ተኩሱ ሲያበቃ፣ ሐኪምነቱ ትዝ ብሎት ይሁን ለምን ይሁን እሱም አያውቅም፣ የቆሰለ ካለ ሊያይ በመካከላቸው ሄደ። ክንዳቸውን እየያዘ የደም ሥራቸውን ሲፈልግ በየክንዱ ላይ የክትባት ጠባሳ አገኘ። የገዛ እጁ ሥራ ነበር። "በፈንጣጣ እንዳይሞቱ ያዳንኳቸው ናቸው" ይልና ወሬውን እዚያ ላይ ያቆመዋል። አገሩ ለዚህ ሥራው ኒሻን ሰጠው።

8ኛ. ወደ አገራችን የገባው በ1933 ጣሊያንን ለማስወጣት ከመጣው ጦር ጋር ነው። ጦሩ ሲመለስ እሱ ሥራውን ለቆ ቀረ። ለምን አገርህ አትገባም ሲሉት "እዚያ በክብር ይቀበሉኛል" ይላል። ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት በሆነው ቤት ገብቶ በረንዳው ላይ በሽተኛ ማየት ጀመረ። እናቴ ያን ጊዜ እኔን ይዛ መድረሻ አጥታ ነበር፤ ልብስ ልታጥብለት ገባችና እዚያው ኖርን። መርፌ አያያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። ቁራጭ ቆዳ ሰጥቶኝ የተቀደደ ሰው እንደምሰፋ ሆኜ እንድሰፋ ያደርገኝ ነበር፤ ክሩን ካጠበቅሁት "አመመው" ይለኛል። እስከ ዛሬ እንጀራዬን የምበላው በዚያ እጅ ነው።

9ኛ. በሰፈራችን ታክሞ የዳነ ሰው እንዴት እንደሚያመሰግን እርስዎም ያውቃሉ። እጅ ይስማል፣ ጉልበት ላይ ይወድቃል፣ ዘር ማንዘር ይመርቃል። ሻለቃው ግን ምስጋና ሲጀመር እጁን አንስቶ ያስቆማል። ከዚያም የጉድጓዶቹን ነገር በተሰባበረ አማርኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነግራል። ቁስሉ የታሰረለት ሰው ቆሞ መስማት ነው። ልጇ የዳነላት እናት ልጇን ታቅፋ እያለቀሰች ትወጣለች። በደስታ ይሁን በዚያ ወሬ አይታወቅም። እየቆየ ሰፈሩ ለመደውና ከሻለቃው ግቢ ሰው ሳያመሰግን የሚወጣ ሆነ። እንግዳ በሽተኛ ሲመጣ አቶ ወልደ ኢየሱስ በር ላይ ይይዙትና "ሲጨርስልህ ዝም ብለህ ውጣ። እግዜር ይስጥልኝ እንዳትል፣ ጣጣ ውስጥ እንዳትገባ" ይሉት ነበር። ዶክተር ብሎ የጠራውን ደግሞ እሱ ራሱ "ሻለቃ በለኝ" ይለዋል።

10ኛ. ደጁ ላይ ትልቅ ጋን ነበረ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች እንዲጠጡ ሁልጊዜ ይሞላል። ጋኑ ጎድሎ ካገኘው መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። ልጅ ሳለሁ የተቆጣ ይመስለኝ ነበር፤ ሳድግ ግን ፍርሃት መሆኑ ገባኝ። ሴቶች ባዶ እንስራ ይዘው በመንገዱ ሲያልፉ መስኮት ይዘጋል። የሰፈሩን ልጆች በሙሉ የከተበው እሱ ነው፤ የከተበውን ክንድ ግን ተመልሶ ማየት አይችልም። እናቴ ልብስ ስታጥብ እጅጌዋን ከሰበሰበች ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እኔ በዚያ ቤት ጉርድ እጅጌ ለብሼ አላውቅም።

አሁን የምጽፈው ለጽሕፈት ቤት የሚገባ ነገር አይደለም፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ዛሬም በሙቀት ቀን የስፌት መኪናዬ ጋ ተቀምጬ ስሰፋ እጅጌዬን ወደ ላይ ስሰበስብ፣ ከጀርባዬ አንድ ሰው ፊቱን ሲያዞር ይታወቀኛል። ዞር ብል ማንም የለም። እጅጌዬን እመልሰዋለሁ። ጋኑ ቤቱ ሲወረስ ተሰብሯል። እንጨት የሚሸከሙት ሴቶች ግን፣ ሻለቃውን ያላወቁት ወጣቶቹ ጭምር፣ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ከነሸክማቸው ቆም ይላሉ። አንዷን ለምን እንደቆመች ጠየቅኋት። "እንጃ፣ እዚህ ስደርስ ይጠማኛል" አለችኝ።

11ኛ. በሳንባ ሕመም ተይዞ የማይድን መሆኑ ሲታወቅ ከአገሩ ሰዎች አንዱ መጥቶ ከውጭ አገር ሰዎች መቃብር በወግ እንዲያርፍ ጠየቀው። እምቢ አለ። ለእኛ የሰጠን ኑዛዜ አጭር ነበር። ከቤቱ በላይ ባለው ተዳፋት እንድንቀብረው፣ መስቀልም ድንጋይም እንዳናቆምበት፣ ስሙን እንዳንጽፍ፣ የወታደር ልብሱን እንድናለብሰው። እናቴ ነጩን የሐኪም ጋዋን ማልበስ ፈልጋ ለመነችው። "አይሆንም" አላት፤ "እዚያ ስጠየቅ ሐኪም ነበርኩ ብዬ እንዳላመልጥ።"

እናቴ ልብሱን አጠበች፣ ቁልፎቹን ወለወለች። የአንዱ ቁልፍ ማያያዣ ተሰብሮ ስለነበር በሽቦ ጠምዝዛ መልሳ ሰፋችው። ቃል ሰጥተነው ነበርና ሁሉንም እንዳለው አደረግን።

12ኛ. ጓድ ሊቀመንበር፣ እንግዲህ ነገሩን እርስዎ ይመልከቱት። ሰውዬው ይከሰስበት ዘንድ የለበሰውን ልብስ ቀበሌያችን የጀግንነት ምልክት አደረገው። አንዲት እግዜር ይስጥልኝ መስማት ያልቻለ ሰው በድምፅ ማጉያ ሊመሰገን ነው። ውሃ የጠማቸውን ሰዎች ያስጨረሰ የቅኝ ገዢ ሻለቃ፣ ፋሺስት በበላው ሹፌር ስም ሐውልት ሊቆምለት ነው። ይህ አባቴን ይበድላል። በዚያ በጉድጓዶቹ አገር ያለቁትንም ይበድላል። ሻለቃውንም ቢሆን ይበድላል፤ በሕይወቱ የሸሸውን ክብር አፈር ውስጥ ተከትለን ልንጭንበት አይገባም።

13ኛ. ይህንን ለጓድ ተሾመ በቃል ሳስረዳ፣ "ሴትዮ፣ ጀግና አባት አገኘንልሽ ስንል የኢምፔሪያሊስት አፅም ነው ትያለሽ? ሰው አባቱ ሲገኝለት እልል ይላል እንጂ" አሉኝ። አጠገባቸው የነበሩት የኮሚቴ አባል ደግሞ ያሳደገኝን ፈረንጅ ልከላከል የመጣሁ መሆኔን ተናገሩ። ክብር ይነሳው እያልኩ እንዴት ተከላካይ እንደምባል ብጠይቅ ስብሰባ አለብን ተባልኩ። የመጨረሻው መልስ ድንጋዩ ስለተጠረበ ነገሩ አልቋል የሚል ነው። ክፋት አለባቸው አልልም። የጎረቤት ቀበሌ ባለፈው ዓመት ሐውልት አቁሟል፤ የእኛም ሰማዕት የሌለው ቀበሌ መባል አልፈለገም።

14ኛ. እስከዚህ ያለውን ጽፌ ጨርሼ፣ የአባቴ ስም ከድንጋዩ እንዲነሳና የእናቴም ልብ እንዳይታለል እውነቱ በጽሕፈት ቤትዎ በኩል እንዲነገራት የሚል ጥያቄ አክዬበት ነበር። እኔ አፍ አውጥቼ ልነግራት አቅም አጥቼ ነው። ነገር ግን በቀብሩ የነበረች ምስክር ስለሆነች አሻራዋ ያስፈልጋል፤ ሳትሰማ ደግሞ አሻራዋን ላስደርጋት አልችልም። ስለዚህ ትናንት ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ አጠገቧ ተቀምጬ ከላይ ያለውን ሁሉ አነበብኩላት። ማንበቤን ሳቆም "አንብቢ" ትለኝ ነበር።

ስጨርስ ከትራሷ ሥር የኮሚቴው ሰዎች የሰጧትን ቁልፍ አውጥታ በጣቴ አስነካችኝ። ከጀርባው የተጠማዘዘ ሽቦ ነበረበት።

"ይህን መዳፌ ላይ ያስቀመጡልኝ ጊዜ ነው ያወቅሁት" አለችኝ። "የገዛ እጄን ሥራ አላጣውም።"

"ታዲያ ዒዳ የተቀመጥሽው ለማን ነው?" አልኳት።

"ለሸሪፍ ነዋ።"

"እማ፣ አፅሙ እኮ የእሱ አይደለም።"

"አፅም ማን ጠየቀ?" አለችኝ። ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ፦ "እኔ አፅም አልነበረም የጎደለኝ። ሞቷል የሚለኝ ሰው ነው። የወሰዱት አልነገሩኝም። መንግሥት ሄደ፣ መንግሥት መጣ፤ ማንም በሬን አንኳኩቶ አልነገረኝም። እንደማይመጣ ልቤ ያውቃል፤ ልቤ ስላወቀ ግን ዒዳ አልቀመጥም። እነዚህ ልጆች ማኅተማቸውን ይዘው መጥተው ሞቷል አሉኝ። አውቀው ይሁን ተሳስተው አልጠየቅኋቸውም። ደክሞኛል ፋዲላ። ሚስት መሆን ደክሞኛል።"

ቀጥላ ደግሞ "ለሻለቃው ድንጋዩን አንሱለት። ቃል ሰጥተነዋል" አለች።

15ኛ. ጓድ ሊቀመንበር፣ እናቴን ለማጽናናት የሚመጡትን ጎረቤቶች ልብ ብዬ ሳያቸው ሰንብቻለሁ። በዚህ ሰፈር ከአባቴ በኋላም ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰ፣ ወሬውን የሚያመጣም የጠፋ ሰው ያለባቸው ቤቶች አሉ። ስለ እነሱ ለመጻፍ መብቱ የለኝም፤ ስማቸውንም አላነሳም። እነዚያ እናቶች ግን ሲመጡ እንደሌላው ሰው አያጽናኗትም። ጠጋ ብለው "እንዴት ብለው ነገሩሽ?" ነው የሚሏት። እሷም ቃል በቃል ትነግራቸዋለች። ደግመው ያስነግሯታል።

16ኛ. ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄዬን ሰርዤ እንደሚከተለው አመለክታለሁ።

ሀ) የአባቴ የአቶ ሸሪፍ ስም ከተጠረበው ድንጋይ ላይ እንዲነሳና በየካቲት 12 ቀን በዚያ ቦታ የተሰናዳው ምረቃ እንዲቀር፤ ቀበሌያችን የግድ ሐውልት ያስፈልገዋል ከተባለም፣ ስም ሳይጻፍበት በሌላ ቦታ፣ ተወስደው ለቀሩት ሁሉ እንዲሆን፤

ለ) የሻለቃው አፅም ከነቁልፎቹ ወደ ተዳፋቱ ተመልሶ ያለ ድንጋይ፣ ያለ ንግግርና ያለ ምስጋና አፈር እንዲለብስ። አቶ በዳዳ ቦታውን ያሳያሉ። እናቴ ጋ ያለውን ቁልፍ እኔ አመጣለሁ፤

ሐ) እነዚህ ሁለቱ ሲፈጸሙ ግን የሸሪፍ አፅም አልተገኘም የሚል ወረቀት ወደ ቤታችን እንዳይጻፍ፣ ይህንን የሚናገር ሰውም እንዳይላክ። በእሱ ፈንታ ከጽሕፈት ቤትዎ አቶ ሸሪፍ በየካቲት 1929 ሞቷል የሚል ቃል በማኅተም ተደግፎ ለእናቴ እንዲሰጣት። ማስረጃ የለንም ቢሉኝ እኔም የለኝም። ግን ከጠፋበት ቀን ጀምሮ ደጃችን ላይ የቆመ መኪና የለም፤ ከዚህ በላይ ማስረጃ ከየት እንደማመጣ አላውቅም።

ዒዳዋ መጋቢት መጨረሻ ላይ ያበቃል። እስከዚያ ሳይነካ ይቆይላት። ስሙን ከድንጋዩ አንሱት፤ ሞቱን ግን እንዳታነሱባት። በዚህ ዕድሜዋ እናቴን መልሳችሁ ሚስት እንዳታደርጓት እለምናለሁ።

ውሳኔዎን ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ከምጠብቅበት ሰላምታ ጋር፣

ፋዲላ ሸሪፍ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦ ለቀበሌው ሊቀመንበር ለጓድ ተሾመ

የቀብሩ ምስክር፦ ወ/ሮ ሱልጣና (የቀኝ አውራ ጣት አሻራ)
ራሷ እንዲጻፍ ባዘዘችው መሠረት፦ የሟች አቶ ሸሪፍ ባለቤት የነበረች